ዜሮ የሚጽፉ እጆች

የኮልፌ ቀራንዮ ጤና ጣቢያዎችን የበሽታ ቅኝት ባለሙያዎች ከልብ አደንቃለሁ። ከሰኞ እስከ እሑድ የታከመውን ሰው መዝገብ እያገላበጡ ወባውን፣ ተስቦውን፣ ግርሻውን ይለቅማሉ። ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ከተጠረጠረ ግን ሳምንቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለበላይ አካል ሪፖርት ይደረጋል። የሕፃን እግር ድንገት ከዛለ፣ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ እንዲለይ ሁለት የሰገራ ናሙና ተወስዶ፣ ቅዝቃዜው ተጠብቆ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ዜሮዋ ናት። አንድም ታማሚ ባይገኝ የሳምንቱ ሪፖርት ቅጽ ባዶ አይታለፍም፤ «0» ተብሎ ይሞላል። ባዶ ቦታ ማን ያውቃል፣ ፈላጊም አልነበረ ይሆናል፤ ዜሮ ግን ተፈልጎ መታጣቱን ይመሰክራል። ይህ ትጋት ባይኖር ወረርሽኝ መግባቱን የምናውቀው አልጋ ሲሞላ ነበር።

እባካችሁ፣ ባለሙያዎቹ ታማሚን ተከታትለው ማግኘት እንዲችሉ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጡ አድራሻችሁንና ስልካችሁን በትክክል አስመዝግቡላቸው።