ባዶ ሆኖ የሚጠብቅ ግድብ

አነስተኛ የአፈር ጎርፍ መከላከያ ግድብ የሚመዘነው በያዘው ውሃ ሳይሆን ለመያዝ በተዘጋጀው ባዶ ቦታ ነው። የመስኖ ወይም የመጠጥ ውሃ ግድብ ሲሞላ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። የጎርፍ ግድብ ሐይቅ ግን ከግድቡ ቁመት ታችኛውን ክፍል ብቻ ይዞ መቆየት አለበት፤ ከሐይቁ የውሃ ወለል እስከ ግድቡ አናት ያለው ሰፊ ቦታ ለከባድ ዝናብ ተጠብቆ ይቀመጣል። ያ ቦታ ሥራ ላይ የሚውለው በዓመት ለጥቂት ቀናት ነው፤ ጨርሶ የማይነካባቸው ዓመታትም አሉ። በዚህ ምክንያት ሙያውን የማያውቅ ሰው ግድቡ ያለልክ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ግድብ በብዛት ከተሠራባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በኦክላሆማ ግዛት የዋሺታ ወንዝ ተፋሰስ በ1930ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ገበሬው በድርቅና በአፈር መሸርሸር ተራቁቶ ሳለ ጎርፉም አላረፈለትም። በ1944 የወጣው የጎርፍ መቆጣጠሪያ ሕግ ዋሺታን ጨምሮ በ11 ተፋሰሶች ላይ ሥራ እንዲጀመር ፈቀደ። የመጀመሪያው ግድብ በሐምሌ 1948 ክላውድ ቺፍ በተባለች መንደር አጠገብ ተጠናቀቀ። በ1954 ሌላ ሕግ ወጥቶ ሥራው በአገር ደረጃ ተስፋፋ። ዛሬ በ47 ግዛቶች ከ11,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ግድቦች አሉ፤ ከ2,100 በላይ የሚሆኑት በኦክላሆማ ብቻ ናቸው።

ሐሳቡ ጎርፉን በትልቁ ወንዝ ላይ ከመጠበቅ ይልቅ ገና በየገባሩ ሳለ መያዝ ነው። በወቅቱ የትልልቅ ግድብ መሐንዲሶችና የአፈር ጥበቃ ሰዎች በዚህ ጉዳይ አጥብቀው ተከራክረዋል። በሐቅ ከተነጋገርን ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ነበሩ። ትንሹ ግድብ ከሥሩ ያለውን እርሻ፣ ድልድይና መንገድ በሚገባ ያድናል፤ ብዙ ርቆ በታችኛው ወንዝ ላይ ለሚነሣ ታላቅ ጎርፍ ግን የሚያደርገው አስተዋጽኦ ትንሽ ነው።

የግድቡ አሠራር በከፍታዎች ቅደም ተከተል ይገለጻል። ከታች ያለው ክፍል ለደለል የተተወ ነው። ሰው ሐይቅ ብሎ የሚያየውና ዓሣ የሚያጠምድበት ውሃ የተኛው በዚሁ የደለል ቦታ ላይ ነው። የሐይቁን የውሃ ወለል የሚወስነው ከግድቡ ፊት ለፊት ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ የኮንክሪት ማማ ሲሆን፣ ውሃ ከአፉ ሲያልፍ በውስጡ ወርዶ ከግድቡ ሥር በተቀበረ ቱቦ ወደ ጅረቱ ይወጣል። ቱቦው ሆን ተብሎ ይጠብባል። በአንድ ሌሊት የገባው ጎርፍ በ10 ቀን ገደማ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ከዚያ ከዘገየ የሚቀጥለው ዝናብ ግድቡን ሞልቶ ያገኘዋል። ከዚህም በላይ ከፍ ብሎ፣ በግድቡ ጎን በተፈጥሮ መሬት ላይ የተቆፈረ ሰፊ ረዳት ማስተንፈሻ አለ። የግድቡ አናት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሆናል፤ ውሃ ፈጽሞ ሊረማመድበት አይገባም። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ከፈሰሰ በሰዓታት ውስጥ ተቦርቡሮ ሊያልቅ ይችላል።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ዕውቀት የሚጠይቀው አፈሩን መምረጥ ነው። ሸክላነት ያለው አፈር ውሃ አያሳልፍምና ተመራጭ ይሆናል፤ ይሁንና ሸክላ ሁሉ አንድ አይደለም። በኦክላሆማና በሚሲሲፒ ከተሠሩት ግድቦች አንዳንዶቹ በደንብ ተጠቅጥቀው ሳለ፣ ገና ውሃ እንደያዙ በውስጣቸው ቀዳዳ እየተከፈተ ፈረሱ። ጥፋቱ የተገኘው በአፈሩ ውስጥ ባለው ሶዲየም ላይ ነበር። እንዲህ ያለው ሸክላ ንጹሕ ውሃ ሲነካው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ፈሳሽ ሳይጠርገው ራሱ ይበተናል። መፈተኛው የሚያስገርም ቀላል ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል እርጥብ ጓል የተጣራ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ትጣልና ጥቂት ደቂቃ ሳትነካ ትታያለች። ጓሏ ፈራርሳ ክምር ሆና ብትቀመጥና ውሃው ጥርት ብሎ ቢቆይ ክፉ ምልክት አይደለም። ከሥሯ ብዥ ያለ ጭጋግ ተነሥቶ በብርጭቆው ወለል ላይ ከተዘረጋ ግን አፈሩ ወይ በኖራ ይታከማል፣ ወይ ይተዋል። ስለዚህ ብርጭቆዋ ከላቦራቶሪ ውጤት ቀድማ መታየት ይገባታል።

የተመረጠው አፈር ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እየተነጠፈ በሮለር ይጠቀጠቃል። የሎስ አንጀለሱ መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር በ1933 እንዳሳየው፣ እያንዳንዱ አፈር ከሁሉ በላይ የሚጠቀጠቅበት የራሱ የእርጥበት ልክ አለው። ከዚያ ከደረቀ በጓሎቹ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ከዚያ ከረጠበ ሮለሩ ሲያልፍበት ይለመጣል እንጂ አይጠብቅም። የሠለጠነ የሳይት ተቆጣጣሪ መሣሪያው እስኪመጣ አፈሩን በመዳፉ ጨብጦ ይሞክረዋል። ተጨብጦ ከተያያዘና በጣት ሲሰበር ለሁለት ከተከፈለ ለሥራ ደርሷል፤ መዳፍ ካራሰ ግን በፀሐይ ተበትኖ መቆየት አለበት። ኮንትራክተሩ ቀኑን ላለማባከን የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ተቆጣጣሪው መጽናት ያለበትም እዚሁ ነው።

በአፈሩና በቱቦው መገናኛ ላይ ሮለር አይደርስም፤ ውሃም መንገድ የሚፈልገው በዚያ ነው። በዱሮው አሠራር ቱቦው ዙሪያ በየርቀቱ የኮንክሪት አንገትጌ ይሠራ ነበር፤ የውሃውን መንገድ ያረዝማል ተብሎ። አንገትጌው ራሱ ጥቅጠቃውን እያወከ ችግሩን ሲያባብስ ስለታየ፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ አፈር ጥበቃ አገልግሎት ተወውና በምትኩ ቱቦውን የሚከብ የአሸዋ ማጣሪያ አስገባ። ይህ ትልቅ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው፦ ስርገትን ጨርሶ መከልከል ስለማይቻል፣ ውሃው አፈር ሳይዝ እንዲወጣ ይፈቀድለታል።

ረዳት ማስተንፈሻው ከሣር ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ስቲልወተር፣ ኦክላሆማ በሚገኘው የሃይድሮሊክ ምርምር ጣቢያ ከካርል ብላክዌል ሐይቅ ውሃ እየተለቀቀ፣ ሣር የለበሰ ቦይ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚችል ለብዙ ዓመታት ተለክቷል። ከተሞከሩት ሣሮች ውስጥ የኛ ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ በጥንካሬው ይታወቃል። እዚያ ግን ዳርና ዳሩ እንዳይሳሳ ይንከባከቡታል። መኪና የሚሄድበት ጎዳና ወይም ከብት የሚወርድበት ዱካ በማስተንፈሻው ላይ ካለ፣ ሽርሸራው ከዚያ ይጀምራል። ማስተንፈሻን ማጥበብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በፔንስልቬንያ የሳውዝ ፎርክ ግድብ የመዝናኛ ክበብ ንብረት ከሆነ በኋላ፣ ሠረገላ እንዲያልፍበት አናቱ ዝቅ ተደረገ፤ ዓሣ እንዳያመልጥ በማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተተከለ፤ የታችኛው ማስወጫ ቱቦም ቀደም ብሎ ተነቅሎ ነበር። በግንቦት 31 ቀን 1889 ፈርሶ በጆንስታውን ከ2,200 በላይ ሰዎች አለቁ።

ሐይቁ የሰውን ልብ ስለሚስብ የጎርፉን ሥራ ያስረሳል። ዳርቻው ላይ ቤት የሠራ ሰው ውሃው ጥቂት ከፍ ቢልለት ይወዳል፤ በማማው አፍ ላይ ጣውላ የሚገጥምም አይጠፋም። ግማሽ ሜትር ውሃ ለዓይን ትንሽ ነው፤ የሐይቁ ስፋት ሲታሰብ ግን ለጎርፍ ከተተወው ቦታ ብዙ ይወስዳል። ደለሉም በበኩሉ ሐይቁን ከታች ይሞላዋል። የትግራይ አነስተኛ ግድቦች ለመስኖ የተሠሩ ቢሆኑም፣ ደለል ከታሰበው ዘመን ቀድሞ ብዙዎቹን በማጥቃቱ ለጎርፍ ግድብም ትምህርት ሰጥተዋል፦ ከላይ ተዳፋቱ በእርከንና በተክል ካልተያዘ ከታች ግድብ መሥራት ደለል መጠራቀሚያ ማበጀት ነው።

ክትትሉ ወጪው ትንሽ ነው። ከዝናብ በኋላ የማማው ወንፊት ከቅርንጫፍና ከቆሻሻ ይጸዳል። በግድቡ አካል ላይ የበቀለ ዛፍ በችግኝነቱ ይነቀላል፤ ካረጀ በኋላ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ቢቨርና መስክራት፣ በኛ አገር ጃርትና ከርከሮ የሚቆፍሩት ጉድጓድም እየታየ ይደፈናል። ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው በግርጌው የሚወጣው ውሃ ነው። ጥርት ያለ ስርገት በባልዲና በሰዓት እየተለካ ይመዘገባል፤ መጠኑ ካልጨመረ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነውና ለመመዝገብ ጊዜ አይባክንም፤ ከታች ያለው ሰው ይነሣል። በጆርጂያ ግዛት ቶኮአ አጠገብ የኬሊ ባርንስ ግድብ ኅዳር 6 ቀን 1977 ሌሊት ሲፈርስ 39 ሰዎች ሞተዋል። ግድቡ 12 ሜትር ያህል ብቻ ቁመት የነበረው፣ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ትቶ ለመዝናኛ ሐይቅነት የቀረ ነበር። መርማሪዎች አንድ ብቻ ምክንያት ለይተው ማውጣት አልቻሉም፤ የግርጌው ተዳፋት ቀጥ ማለቱንና ዛፍ መብቀሉን ግን ጽፈዋል።

በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተሠሩት የአሜሪካ ግድቦች አብዛኞቹ ለ50 ዓመት የታሰቡ ነበሩ። ያኔ ከሥራቸው የነበረው የግጦሽ መሬት ስለሆነ ግድቡ ቢፈርስ የሚጎዳው ማሳና አጥር ነበር። ጎርፍ ቀረ ተብሎ በዚያው ቦታ ቤት ከተሠራ ወዲህ ግን ያው ግድብ፣ አንዲት አካፋ አፈር ሳይጨመርበት፣ ሕይወት ከሚያሰጉት ተርታ ገብቷል። በ2000 የወጣ ሕግ ለእድሳታቸው ገንዘብ ፈቅዶ፣ አንዳንዶቹ አናታቸው ከፍ ብሏል፣ ማስተንፈሻቸው ሰፍቷል፤ ሌሎቹ ፈርሰው ተነሥተዋል። ከእንዲህ ዓይነት ግድብ ግርጌ መሬት የሚገዛ ሰው፣ የሐይቁን ውበት ከማየቱ በፊት ግድቡ ቢፈርስ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳየውን ካርታ ይጠይቅ።