ስድስት በር

ግቢው ውስጥ ስድስት በር፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የጋራ ሽንት ቤት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ሴቶቹ ቧንቧው ዙሪያ ልብስ ያጥባሉ። እኔ ነጭ ጋወኔን ለብሼ፣ የጤና ጣቢያውን ቦርሳ አንግቤ ገባሁ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ከቲቢ ክፍል በተሰጠኝ ብጣሽ ወረቀት ላይ የአንድ ወጣት ስም ተጽፏል፤ ሕክምናው ሁለተኛ ወሩ ላይ ሲደርስ መድኃኒቱን ለመውሰድ መምጣት አቁሟል። ስሙን ጠርቼ ቤቱ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኩ። አንደኛዋ ሴት የእጇን የሳሙና አረፋ እያራገፈች «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ። «ከጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት፤ የመድኃኒቱ ጉዳይ ነበር» አልኳት።

ያልኩት ይኸው ነው። የበሽታውን ስም አልጠራሁም። ሳምንት ሳይሞላ ግን በግቢው ቡና ላይ የልጁ ሲኒ ለብቻው ተለየ። ወር ሳይሞላ ደግሞ አከራዩ «ክፍሉን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» ብለው አስለቀቁት። ተመልሼ ስሄድ ይህን የነገረችኝ ያችው ሴት ናት። አድራሻ አልተወም፤ ስልኩም አይነሣም። የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ነው። ሁለት ወር ወስዶ ማቋረጥ ማለት በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ልጁን ወደ መድኃኒቱ ልመልሰው ሄጄ ከመድኃኒቱም ከቤቱም አራቅኩት። አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ያ ግቢ ግን ዛሬም በሄድኩበት ይከተለኛል።

ትምህርት ቤት ሳለን ምስጢር መጠበቅን የተማርነው የአፍ ጉዳይ አድርገን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢር ያወጣን ባለሙያ እንደሚቀጣ እናውቃለን፤ ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሥነ ምግባር ደንብም ለፈተና ሸምድደነዋል። ሁሉም እውነት ነው፤ የሚጎድለው ግን አንድ ነገር አለ። ሐኪም ቤት ውስጥ መጋረጃ አለ፣ የካርድ ቁጥር አለ፣ የሚዘጋ በር አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ በሆነበት፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» በሚባልበት ግቢ ውስጥ አፍ ቢዘጋ እግር ይናገራል። ጋወኑ ይናገራል፤ ቦርሳው ይናገራል። የትኛው በር ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ፣ ስወጣ ፊቴ ምን እንደሚመስል፣ በሳምንት ስንቴ እንደተመላለስኩ ሁሉ ይናገራል።

እኛ ቤት ለቤት የምንሄድ ነርሶች ሥራችን ከሐኪም ቤቱ ነርስ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሐኪም ቤት ውስጥ እንግዳው በሽተኛው ነው፤ ግባ ሲሉት ይገባል፣ ልብስህን አውልቅ ሲሉት ያወልቃል፣ ጠብቅ ሲሉት ይጠብቃል። ቤቱ ስንሄድ ግን እንግዶቹ እኛ ነን። ደጃፍ ላይ ቆመን «ቤቶች!» ብለን እንጣራለን፤ «ግቡ» እስክንባል እንቆማለን። «ዛሬ አይመችም» ከተባልን ደግሞ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብለን እንሄዳለን። ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ መግባት ትልቅ ዕዳ ነው። ቤቱ የማይደብቀን ነገር ብዙ ነውና፤ ስንት ሰው አንድ ፍራሽ ላይ እንደሚተኛ፣ ከሰሉ የሚቀጣጠለው ውስጥ ይሁን ውጭ፣ ሞሰቡ ውስጥ እንጀራ ይኑር አይኑር፣ ሁሉን እናያለን። በሽተኛው ካርድ ክፍል ሄዶ በአንደበቱ የማይናገረውን ቤቱ ይነግረናል።

እኔ የምጎበኛቸው አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በፌስታል ቋጥረው ማገሩ ላይ ያንጠለጥላሉ። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን «እስቲ እማማ፣ ያውርዱልኝ» ብዬ ስቆጥረው ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ከግማሽ በላይ ኪኒን አለ። «ይውጣሉ እንዴ?» አልኳቸው። «ራሴን ሲያመኝ እውጣለሁ፤ አሁን ደግሞ ጾሙ ገባ። ጠዋት ዋጪ አሉኝ፣ ጠዋት አፌን አልፈታ» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ሲመጡ «በትክክል እወስዳለሁ» ሲሉ ነበር፤ ሊዋሹ ፈልገው ሳይሆን ላለማሳፈር ነው። ግፊት ሳያሳምም እንደሚጎዳ ዱካ ላይ ተቀምጬ አስረዳኋቸው። በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን ስለነበር ያዘዘላቸውን ባለሙያ አነጋግሬ ሰዓቱን ከሠርክ በኋላ፣ ጾማቸውን ፈተው እራት ሲበሉ አደረግነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ግን ቤታቸው ካልገባሁ፣ ከገባሁም ካልተቀመጥኩ የሚገኝ ነገር አልነበረም።

ነርስ ከሐኪም ቤት ወጥታ ወደ ሕዝቡ መሄዷ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከመጀመሪያው አንስቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሙኒቲ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ላይ ነበር የሚያሠለጥነው። አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ እንዳልሆነ ታውቆ ሦስቱ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። ዛሬ ሥራው መልኩን ለውጧል። የገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት፣ ከዚያው ከአካባቢው የተመለመሉ ሴቶች። ከተማው በ2002 ዓ.ም. ሲከተል በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ተመደቡበት፤ ለአንዷ 500 ያህል አባወራና እማወራ። ሰፈሩ እኛን «ሲስተር» ወይም «የጤናዋ» ይለናል። «የጤናዋ» የሚለውን ስም እወደዋለሁ።

ከዚያ ወጣት ወዲህ አንድ በር ስፈልግ ስድስቱንም አንኳኳለሁ። ጋወኑን ጤና ጣቢያ ትቼ በነጠላዬ እሄዳለሁ፤ መታወቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ስላለ ማን እንደሆንኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደጁ ላይ አውጥቼ አሳያለሁ፤ ማንነቴን መደበቅ ሌላ በደል ነው። ለሁሉም የምጠይቀው አንድ ነው፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው ሰው አለ? ነፍሰ ጡር አለች? ከአምስት ዓመት በታች ልጅ? የክትባት ካርዱን ያሳዩኝ። ግፊታቸውን ለክቼ የማላውቅ ትልቅ ሰው ካሉም እለካለሁ። የምፈልገው ሰው አራተኛው በር ጋ ቢሆን አራተኛው ጋ ስደርስ ማንም ልብ አይለኝም፤ ሦስት ቤት አይቶኛል፣ ሁለት ቤት ደግሞ እየጠበቀኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህ ራሱ ማታለል አይሆንም ወይ ብዬ ተጨንቄ ነበር። አምስቱ በር ለአንዱ በር መሸፈኛ ብቻ ከሆነ አዎ፣ ውሸት ነው፤ አምስት ቤት ሙሉ ሰው መጋረጃ ማድረግ ነው። ስለዚህ አምስቱንም ከልብ መሥራት ግድ ሆነብኝ። አንድ ቀን እንዲህ ሳልፍ፣ ከመንገዴ ውጭ የነበረ በር ላይ፣ ፊቱ ሞላ ያለ ሕፃን እናቱ ታቅፋው ቆማለች። ካርዱን ሳየው የ6ኛውንና የ10ኛውን ሳምንት ክትባት ወስዶ የ14ኛው ሳምንት ቀርቷል። «ትኩሳት ይዞት ነበርና ፈርቼ ነው» አለችኝ። ዕድሜው ስምንት ወር ደርሷል። የክንድ መለኪያውን ሪባን አውጥቼ የግራ ክንዱን መካከል አገኘሁና ጠመጠምኩ፤ ቀስቱ ቀዩ ላይ፣ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቆመ። ፊቱ ሞላ ያለው ወፍሮ አልነበረም፤ እግሩን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ስለቅ ጎድጉዶ ቀረ። እብጠት ነው። ያን ቀን ወደ ጤና ጣቢያው አብረን ሄድን። እኔ ለሌላ ሰው ነበር የሄድኩት።

በዚህ ሥራ ውስጥ የማይስማማኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሪፖርት ቅጹ የተጎበኘ ቤት ቁጥር ይጠይቃል። የተቀመጥሽበት ጊዜ፣ ዝም ብለሽ ያዳመጥሽው ሰዓት፣ የተመለስሽበት ምክንያት ቦታ የለውም። አንድ ጊዜ በወር መጨረሻ ስብሰባ ላይ ከሁላችን ከፍተኛውን ቁጥር ያመጣች ልጅ ስትመሰገን፣ እናቲቱን ከነኪኒናቸው ትቼ መውጣት ነበረብኝ ወይ ብዬ አሰብኩ። ወጣቶቹ ባለሙያዎች በር ላይ ቆመው ጠይቀው፣ እዚያው ጽፈው ወደ ቀጣዩ በር ሲሮጡ አይቼ አልፈርድባቸውም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እውነቱን አይነግረንም። ሲመቸው «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ያ «ደህና ነን» ደግሞ ወደ ቅጹ ገብቶ ቁጥር ይሆናል።

ስለ ሲኒውም ልናገር። ቲቢ በሲኒ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በሽተኛው ሲያስል ወደ አየር በሚወጣው ነው። ይህን በፖስተርም በስብሰባም ብንለው ሲኒ መለየቱ አልቀረም። ስለዚህ ቲቢ ያለበት ቤት ቡና ሲቀርብልኝ አልመልስም። መስኮቱን አስከፍቼ፣ ወደ በሩ ጠጋ ብዬ እቀመጥና ከታማሚው ጋር ከአንድ ረከቦት የተነሣ ሲኒ ተቀብዬ እጠጣለሁ። የቤቱ ሰው ያየኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ከታካሚ ቤት ምንም መቅመስ ደንብ አይደለም ይላሉ፤ ስጦታ መቀበል በር ይከፍታል ብለው ነው። ይገባኛል፣ ገንዘብም ሆነ ዕቃ እኔም አልቀበልም። አንድ ሲኒ ቡና መመለስ ግን በእኛ አገር ሌላ ንግግር ነው፤ ሲኒ በተለየበት ቤት ደግሞ የባሰ ነው።

አሁንም የሚከብደኝ ባለቤቱ ሌላ፣ በሽተኛው ሌላ የሆነበት ቤት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ግቢ ያገኘኋት ልጅ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከገጠር ከመጣች ሰባት ወር። ማታ ማታ ያልባታል፤ ሳሏ ወር አልፎታል። አክታዋን አስመርምራ ውጤቱ ቲቢ ሆነ። እመቤቲቱ በሳምንቱ ስመለስ በሩ ላይ ያዘችኝ። «ሲስተር፣ ምን ተገኘባት? የሁለት ዓመት ልጅ አለኝ እኮ። ቤቴ ነው፤ ማወቅ አለብኝ።»

ይህን ስትል ተሳስታለች ማለት አልችልም። ሕፃኑ ልጅቷ ጀርባ ላይ እየታዘለ ነው የሚውለው፤ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ከኖረ መመርመር፣ በሽታው ከሌለበትም መከላከያ መድኃኒት መጀመር አለበት። በሌላ በኩል ውጤቱ የልጅቷ ነው። ሥራዋም፣ ማደሪያዋም፣ ወደ ቤተሰቦቿ የምትልከው ገንዘብም ያለው በዚያች ሴት አንደበት ላይ ነው። ያ ወጣት ትዝ አለኝ። «የማንንም ውጤት ለማንም አልናገርም፤ የእርስዎንም ቢሆን ለሷ አልነግራትም» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ቀጥዬ ግን ያለውን እውነት ነገርኳት፦ ሳል የቆየበት ሰው ያለበት ቤት ሕፃን ካለ ሕፃኑ ይታይ፣ ነገ ይምጣ፣ እስከዚያው መስኮቱ ይከፈት፣ ልጁም ከሚያስል ሰው ጀርባ ይውረድ።

ልጅቷን ጤና ጣቢያው ውስጥ ለብቻዋ አገኘኋት። ማንም ሊያስገድዳት እንደማይችል፣ ሕፃኑ ግን መታየት እንዳለበት፣ መድኃኒቱን በትክክል ስትወስድ ማስተላለፏ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነገርኳት። እኔ ልንገርልሽ፣ ሌላ ሰው ይንገርልሽ ወይስ ምን ይሻላል ብዬ ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች ብዙ ቆየች። እንዳላስቸኩላት ሰዓቴን እጄ ስር ደበቅኩ። በመጨረሻ «እኔው ልንገራት፤ አንቺ ግን አጠገቤ ሁኚ» አለችኝ።

በዚያው ቀን ማታ ሄድኩ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው፤ ሌላ ሰዓት ብሄድ ግን ግቢው ሁሉ ያየኛል። እመቤቲቱ ቡና እያፈላች ነበር። ልጅቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች፣ እኔ ከጎኗ። እየተንተባተበች ስትናገር ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ዞረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም አልኩ፣ ቃሉ የሷ ነውና። እመቤቲቱ ረጅም ጊዜ ጀበናውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ስለ ቲቢ መድኃኒት ጠየቀችኝ፤ ነፃ መሆኑን፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ። ስለ ልጅቷ ሥራ ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሕፃኑን ይዘው ጤና ጣቢያ መጡ። እመቤቲቱ ሕፃኑን አዝላ ከፊት፣ ልጅቷ ማስክ አድርጋ የክትባት ካርዱን በእጇ ይዛ፣ ጥቂት እርምጃ ከኋላ።