መደቡ የት ሄደ?

ደብረ ታቦር ላይ ጠላ ቤት ለማግኘት ሰሌዳ ማንበብ አያስፈልግም። ደጃፍ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ካዩ ይግቡ፣ ጠላ አለ ማለት ነው። ጣሳው ሲወርድ ቤቱ ተመልሶ የባለቤቲቱ መኖሪያ ይሆናል። እንግሊዞች መጠጥ ቤታቸውን «የሕዝብ ቤት» ይሉታል፤ የእኛው ግን የሰው ቤት ነው።

ስለ ከተማዋ ሲወራ ራስ ጉግሣ፣ አፄ ቴዎድሮስና የጋፋት መድፍ ይነሣሉ። ጠላ ቤቱን ማን ያነሣዋል? እስቲ የድሮውን ቤት ልብ ብለው ይዩት። ግድግዳው በማገር የተጠፈረ እንጨት፣ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ ወይም ጭራሽ የሌለ፤ የጉናን ብርድ የቀመሰ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን መደቡ ላይ ነው። ከዚያው ጭቃ ተሠርቶ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፣ ቁርበት ወይም ሰሌን ይነጠፍበታል። የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለሰው ይሰጣል። ወንበር አይደለምና ስቦ አይሸሽም፤ አዲስ ሰው ሲገባ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል። ዳኛውና በግ ሻጩ ጉልበት ለጉልበት የሚነካኩት በዚህ ነው። ጨዋታውን ጠላው አመጣው እንላለን እንጂ ግማሹን ያመጣው መደቡ ነው።

አሁን «የባህል ቤት» የሚባሉትን ይዩ። ሲሚንቶው ላይ ሣር ተከድኗል፣ ግድግዳው ላይ መሶብና ቅል ተሰቅሏል፤ አንዳንዱማ ክብ ሆኖ ነው የተሠራው። ውስጡ ግን አራት አራት ወንበር የከበባቸው ጠረጴዛዎች! ከጎን ያለውን እንግዳ ለማናገር አንገት መቆልመም ይጠይቃል። ሣሩን አስቀርተው መደቡን ጣሉት።

ጠላ ሻጯን ቆርቆሮ ለምን አለበስሽ ብዬ አልከራከራትም። ሣር ይበሰብሳል፣ እሳትም ያስፈራል። (እኔም ብሆን ወገቤ መደብ ላይ ብዙ አያስቀምጠኝም።) ጠቤ ገንዘብም ሙያተኛም ካላቸው ጋር ነው። እንግሊዝ አገር በ1947 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ታሪካዊ ሕንፃዎችን መመዝገብ ተጀመረ፤ የተመዘገበ አሮጌ መጠጥ ቤት ጣሪያውና ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ውስጡም ይጠበቃል። ሰዎቹ ቤቱ ለምን እንደሚወደድ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

አንዱን የባህል ቤት ባለቤት «መደብ ለምን አላሠራህም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መምህር፣ መደብ ላይ የተቀመጠ ሰው እኮ አይነሣም!» አለኝ።

እውነቱን ነው።