«ስንት ቃሪያ?»፦ ከባንኮክ የሌሊት ገበያ የመጣ ሂስ

ባንኮክ ለብዙዎቻችን የሁለት ነገር ስም ናት፤ የልብስ ንግድና የሕክምና። ወደዚያ የሚጓዘው ወገናችን ወይ ሻንጣ ሊሞላ ነው፣ ወይ በሽተኛ ይዞ ነው። እኔም የሄድሁት እንደ ሁለተኛዎቹ ነው። ታላቅ እኅቴ ለቀዶ ሕክምና ገብታ፣ እኔ አስታማሚ ሆኜ ሦስት ሳምንት ተቀመጥሁ። አስታማሚ ቀን ቀን ወንበር ላይ ይጠብቃል፣ ማታ ግን ይርበዋል። ያዎራት የሚባለውን ጎዳና ያወቅሁት እንዲህ ሆኖ ነው።

ያዎራት የባንኮክ የቻይናዎች ሰፈር ዋና መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 ንጉሥ ራማ አንደኛ ቤተ መንግሥታቸውን አሁን ባለበት ቦታ ሊያሠሩ ሲነሡ፣ በዚያ ሰፍረው የነበሩትን የቻይና ነጋዴዎች ሳምፔንግ ወደተባለ ቦታ አዛወሯቸው። ጎዳናው ራሱ የተቀደደው ከመቶ ዓመት በኋላ በንጉሥ ቹላሎንግኮርን ዘመን ነው። ቀን የወርቅ ሱቅ ሰፈር ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ጋሪው እየተገፋ ይመጣል፣ ከሰሉ ይያያዛል፣ የላስቲክ ወንበሩ በእግረኛው መንገድ ላይ ይደረደራል፤ ለእግረኛ የሚተርፈው በመኪናና በመጥበሻ መካከል ያለችው ክፍተት ብቻ ትሆናለች። ከ2019 ወዲህ ዋት ማንግኮን የሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገቡ ያወርድዎታል።

ሁሉም ሰው «ፓድ ታይ ብላ» ይልዎታልና ከእሱ ልጀምር። ከሩዝ የተሠራ ጠፍጣፋ ፓስታ ነው ቢባል ይቀላል፤ ከእንቁላል፣ ከለውዝና ከሁመር ጋር በጎድጓዳ ብረት ምጣድ ይጠበሳል። የጥንት ምግብ እንዳይመስልዎ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ የፊልድ ማርሻል ፒቡንሶንግክራም መንግሥት አገራዊ ምግብ እንዲሆን ያስፋፋው ነው። እኔ በሦስት ጋሪ ቀምሼዋለሁ። በሁለቱ ጣፋጭነቱ አፌን ዘጋው፤ ሁመሩ መጣጣነቱን እንዲያሰማ አልተፈቀደለትም። በሦስተኛው ሽማግሌው ሎሚውን ከጎን ሰጥተውኝ ራሴ ጨመቅሁበትና ተስተካከለ። መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ስሙ ከጣዕሙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሶም ታም ይባላል፤ ያልበሰለ ፓፓያ ተከትፎ በሸክላ ሙቀጫ፣ በእንጨት ዘነዘና ይወቀጣል። ምንጩ ባንኮክ አይደለም። ኢሳን ከሚባለው ከሰሜን ምሥራቁ ክፍለ ሀገርና ከላኦስ የመጣ ነው፤ ኢሳኖችም እንደ እኛው እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው ወጥተው ባንኮክ የገቡ ብዙ ናቸው። ከተማው ጉልበታቸውን ሲወድ ምግባቸውን ለብዙ ጊዜ ይንቅ ነበር። ታዲያ ዛሬ ሶም ታም በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው ለውዝና ደረቅ ሽሪምፕ የገባበት፣ በዘንባባ ስኳር የለዘበ ነው፤ ስሙም «ሶም ታም ታይ»። ሁለተኛው «ፕላ ራ» የሚሉት፣ በጨው ተቀብሮ ወራት የቆየ ዓሣ የሚገባበት ነው። ሽታው፣ አንባቢዬ፣ ለማያውቀው እንደ ቅቤያችን ነው፤ ያደገበትን ይጠራል፣ ያላደገበትን ያባርራል።

ከፊቴ የቆመችው ወጣት፣ ከሥራ የወጣች የምትመስል፣ ከሻጯ ጋር በአገራቸው አነጋገር እየሳቀች ሁለተኛውን አዘዘች። እኔም «ያንኑ» ብዬ በጣቴ አመለከትሁ። ሻጯ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝና ከሚጥሚጣ የማይተናነሱትን ትንንሽ ቃሪያዎች አንሥታ በጣቶቿ ጠየቀችኝ፦ ስንት? እኔም የሐበሻ ኩራቴ ተነሥቶ አምስት አልሁ። እሷ ሦስት ጨመረች። ወቀጠች፣ ከሙቀጫው በማንኪያ ቀንሳ አቀመሰችኝ፣ ዓይኔን አየች፤ ሎሚ ጨመረች፤ ደግማ አቀመሰችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሳሕኑ የገለበጠችው። በተጣባቂው ሩዝ፣ በእጄ እየጠቀለልሁ በላሁት። ላቤ ወረደ፤ ሦስት ስላደረገችልኝ አመሰገንኋት።

ይህች ጥያቄ ነች ይህን ሂስ ያስጻፈችኝ። ባለሁበት ከተማ ያሉ የእኛ ምግብ ቤቶች እንግዳ ይሸሻል ብለው ወጡን ያለዝቡታል፤ ደግ ነው፣ ኪራይ የሚከፍል ሰው ነውና አልፈርድም። ግን የለዘበውን ለሐበሻውም ያንኑ ያቀርባሉ። ውሳኔው ወጥ ቤት ተዘግቶ የሚያልቅ ነው፤ የጠየቀን የለም፣ ያቀመሰን የለም። የኢሳኗ ሴት ግን ለባንኮኩም፣ ለፈረንጁም፣ ለአገሯም ልጅ በአንድ ሙቀጫ ትወቅጣለች፤ ለእያንዳንዱ ግን ለየብቻው። የሷ ሥራ በአንድ ጋሪ አንድ ምግብ መሆኑ አግዟታል። አርባ ዓይነት ምግብ የሚዘረዝር ቤት እንዲህ ሊያደርግ አይችልም፤ አርባው ለምን እንዳስፈለገ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቃሪያን በተመለከተ ደግሞ እነሱም እኛም ተበዳሪዎች ነን፤ ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው፤ ሆኖም ሁለታችንም የአባት ርስት እናስመስለዋለን።

ስለ ተጠበሱት ነፍሳት ብዙ አልልም። አንበጣው ጨዋማ ቆሎ ነው፤ መጥምቁ ዮሐንስ የተመገበውን የሚንቅ ካለ እሱ ይመልስ። ፎቶ ለማንሣት የሚጠይቁት ከሚበሉት ይበዛሉ።

አንድ የሚያሳዝነኝን ልንገርዎ። በ2017 የከተማው አስተዳደር ጋሪዎችን ከጎዳና እንደሚያነሣ ሲያስታውቅ ዓለም ጮኸ፤ ወዲያውም ያዎራትና ካኦ ሳን ይቀራሉ፣ በሥርዓት ይያዛሉ ተባለ። የቀሩት ጎብኚ የሚያያቸው ናቸው ማለት ነው። በየሠራተኛ ሰፈሩ፣ በየቢሮው በር፣ ለቀን ሠራተኛ ምሳ የምትሸጠው ሴት ግን ፎቶ አንሺ ስለሌላት የተከራከረላት ጥቂት ነው። ያዎራት ላይ ዋጋውም ወደ ጎብኚው ኪስ አዘንብሏል። አንድ ሳሕን ከ60 እስከ 100 ባህት ከፍያለሁ፤ በሆስፒታሉ ጀርባ ባለች መንደር ከዚያ ባነሰ የተሻለ ሾርባ ጠጥቻለሁ።

ለጿሚ አንባቢም አንድ ቃል አለኝ። በአብዛኛው ጋሪ ላይ የአሳማ ሥጋ አለ፤ ከሌለም የዓሣው ፈሳሽ፣ ናም ፕላ የሚሉት፣ ሁሉ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን በቻይናዎቹ የጨረቃ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲገባ፣ ብዙውን ጊዜ በጥቅምት ወር ውስጥ፣ ያዎራት ለዘጠኝ ቀን በቢጫ ባንዲራ ይሞላል። «ጄ» ይሉታል፤ ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ እንቁላልና ወተት የለም፤ ከእኛም ጾም ብሶ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳይቀር ይከለከላል። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የሚያስበው የእኛ ሰው ቢኖር ቀርቦ ይመስክር።

እኅቴ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምግብ አልገባላትም። የሆስፒታሉን ሳሕን ክዳኑን ሳታነሣ ትመልሰው ነበር። ሐኪሟን አስፈቅጄ ከያዎራት «ካው ቶም ፕላ» ገዛሁላት፤ ሩዝ በቀጭን መረቅ፣ ነጭ ዓሣና ዝንጅብል ያለበት። ሻጩ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ፣ ቅመሙን ለብቻው በትንሽ ከረጢት አሥሮ ሰጠኝ። መጀመሪያ መረቁን ብቻ ጠጣች። በሁለተኛው ምሽት ዓሣውን ጨረሰች። በሦስተኛው፣ ያችን ትንሽ ከረጢት በብርሃን ወደ ላይ ይዛ አየቻትና «እስከ ዛሬ ይህን ስትደብቀኝ ነበር?» አለችኝ፤ ቃሪያ ነበረበት።

ለነገም ሁለት ከረጢት አምጣ ብላ አዘዘችኝ። ሄድሁ፤ ጎዳናው ጨለማ ነበር፣ ጋሪዎቹ የሉም። ሰኞ ማታ ብዙዎቹ እንደማይወጡ የነገረኝ አልነበረም፤ እርስዎ ሲሄዱ ሌላ ቀን ይምረጡ።