«ነገ እሠራዋለሁ» ባዩ ተማሪ
(ሒሳዊ አስተያየት)

ባለፈው ሰሞን በንባብ ክበባችን ስለተነበበው፣ ገና ርዕስ ስላልወጣለት አጭር ልብ ወለድ ጥቂት ልበል። ደራሲው ከመካከላችን ስለሆነ ሳቅንለት፤ አጨበጨብንለትም። ሳቁ ይገባዋል። ጭብጨባው ግን ትንሽ የቸኮለ ይመስለኛል።

ታሪኩ የአንድ እሑድ ነው፤ መቼቱም ጃጁራ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሆሳዕና፣ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ነው። ሰኞ የሚያስረክበው የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም እያለበት ወላጆቹ ቤት መጥቷል። ጧት ላፕቶፑን ይከፍትና «ቡና ልጠጣና» ይላል። ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። ቀጥሎ ቴሌግራም ይጎትተዋል። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ያያል። ሲመሽ «ሌሊት ይሻላል፣ ጸጥታ አለ» ይላል። ሌሊት ጥቂት ሞከር ሲያደርግ መብራት ይጠፋል፤ ባትሪውም ያልቃል። በመጨረሻ ደራሲው ራሱ ብቅ ብሎ ስንፍና መጥፎ እንደሆነ ይመክረናል።

ለመሆኑ ይህ ልጅ ሰነፍ ነው ወይ? ታሪኩ ራሱ አይደለም ይላል። ለእናቱ ውሃ ይቀዳል፣ የጎረቤት ስልክ ይጠግናል፣ ለታናሽ እኅቱ ሒሳብ ያስረዳል። ሰነፍ ከሆነ ከሁሉም በሸሸ ነበር። ይኼ ልጅ ግን የሚሸሸው ከአንድ ሥራ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ገጽ ሁለት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። ላፕቶፑን የገዛለት ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ ጧት ይደውልና «ኮምፒውተሩስ እንዴት ነው?» ይለዋል። «ጥሩ ነው» ይላል ልጁ። አለቀ! ከሀዲያና ከከምባታ ስንቱ ወጣት በዚያ አቅጣጫ እንደሄደ፣ ስንቱም መንገድ ላይ እንደቀረ ለማናችንም አይነገርም። ያ ላፕቶፕ ተራ ዕቃ አይደለም፤ የሰው ዕድሜ አለበት። ሰፈሩም ልጁን ከወዲሁ «ኢንጂነር» እያለ ይጠራዋል። ታዲያ ልጁ የሚፈራው ድካሙን አይደለም፤ አለማወቁ እንዳይገለጥበት ነው። ያልተጻፈ ፕሮግራም ስሕተት የለበትማ! ኮምፓይለር ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. በታተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራን በመሥሪያ ቤት ወንበርና በሥዕል ብሩሽ መካከል ሲያስጨንቀው «ሰነፍ ነው» ብሎ አልተገላገለም። ቤተሰብ ከሰውየው የሚጠብቀውንና እሱ ለራሱ የሚመኘውን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየን እንጂ። የእኛ ደራሲ ይህን መንገድ ቢከተል ምን ነበረበት?

ሌላው ጉድለት የሥራው ገለጻ ነው። እናትየዋ በቀርከሃ መፋቂያ እንሰት ስትፍቅ እጇ ሳይቀር ይታየናል። የልጁ ሥራ ግን «ኮድ ጻፈ፣ አልሠራም» ብቻ ነው። ኧረ ምን ጻፈ? የቱ ላይ ተበላሸ? ሲ ፕላስ ፕላስ የተማርን እናውቀዋለን፤ 40ኛው መስመር መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን ብትረሳ ኮምፓይለሩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው 41ኛው ላይ ነው። ጥፋቱ ከሚታይበት ከፍ ብሎ ነው ያለው። ይህም ታሪክ እንዲሁ ነው። ደራሲው ጥፋቱን የሚፈልገው ሌሊት፣ መብራት ሲጠፋ ነው። ጥፋቱ ግን ጧት፣ «ጥሩ ነው» የተባለበት ስልክ ላይ ነው።

እንግዲህ ደራሲውም እንደ ልጁ ከከባዱ ሥራ ሸሽቷል ማለት ነው። ቡናውንና ኳሱን አሳምሮ ጻፈና ስልኩን «በኋላ እመለስበታለሁ» ብሎ ተወው። ምክሩን ይሰርዝና ስልኩን ይጻፍልን። ልጁ «ወንድም ጋሼ፣ ትምህርቱ አልገባኝም» ቢል ከወዲያ ምን ድምፅ ይመጣል? ዝምታ? ቁጣ? ወይስ «እኔም እዚህ አልሆነልኝም» የሚል መልስ? ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል።

ይህን ሁሉ ለማለት መብት እንዳለኝ እጠራጠራለሁ። ይህች ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ መድረስ የነበረባት ካለፈው እትም ጋር ነበር።