ስለቱ የማን ነው? ሥነ ምግባርና የግል ደስታ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

መልካም መሥራት የገዛ ራስን ደስታ የሚያሳጣ ከሆነ ሰው መልካም የሚሠራው ስለ ምንድን ነው? ለዚህ ጥንታዊ ጥያቄ በየዘመኑ ሲሰጥ የኖረው የተለመደ መልስ፣ ዛሬ የጎደለው ነገ ይሞላል የሚል ነው። አንዱ ዋጋውን በሰማይ፣ ሁለተኛው በታሪክ ፍርድ፣ ሦስተኛውም በሕዝብ ምስጋና እንዲጠብቅ ይመክራል። ነገር ግን ይህ መልስ ጥያቄውን ይሸሸዋል እንጂ አይፈታውም። ወለዱን ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው አበዳሪ ይባላል እንጂ ቸር አይባልም። ጥያቄው በሙሉ ክብደቱ የሚነሣው ዋጋ ከፋይ በሌለበት ቦታ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ እንዲይዝ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ ጥያቄውን በዚያ ቦታ ማንሣቱ ነው።

መጽሐፉ በሕዝብ ዘንድ በይበልጥ የታወቀው የፍቅር ታሪክ ሆኖ ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠረው ወገን ሳይቀር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ተከታትሎ አልቅሷል፤ በጉዱ ካሣም ስቋል። ልቅሶውም ሣቁም ተገቢ ነው። ሆኖም ታሪኩን በልቅሶና በሣቅ ብቻ የተቀበለ አንባቢ፣ ደራሲው ጎን ለጎን ያቀረቡትን የሦስት ሰዎች ኪሣራ ሳያነጻጽር ያልፋል። በዛብህ ደስታውን ያጣል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ያጣሉ፤ ካሣ ዳምጤም በሰው መካከል ያለውን ክብር ያጣል። ሦስቱም ያጡት ለአንድ «ይገባል» ለተባለ ነገር ሲሉ ነው። ሦስቱ «ይገባል»ዎች ግን በባሕርያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው።

የበዛብህ ዕዳ የተጻፈው ገና ነፍስ ሳያውቅ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተስለዋል። ስለቱ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ከእናት አንጀት የወጣ ነው። ይሁን እንጂ የተሳለው አንድ፣ ከፋዩ ሌላ ነው። በዛብህ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሮ፣ በፊታውራሪው ቤት የሰብለ መምህር ሆኖ፣ ፍቅር በልቡ ሲያድር በሁለት ወገን ይከሰሳል። በውጭ የባላባቱ ቁጣ ያስፈራዋል፤ በውስጥ ደግሞ በስሙ የተገባው ቃል ይወቅሰዋል። ደራሲው የዚህን ወጣት ጭንቀት ሲገልጹ አያላግጡበትም፤ ፍርሃቱን እንደ ድንቁርና አይቆጥሩበትም። ነገር ግን ከታሪኩ አካሄድ አንድ ጥያቄ ሳይነገር ይወጣል፤ ይህ ወጣት ደስታውን ቢተው የሚጠግብ ረኀብተኛ፣ የሚፈታ እስረኛ፣ የሚጽናና ሐዘንተኛ አለን? የለም። የበዛብህ ብቸኝነት ማንንም አይጠቅምም። እንግዲህ ከባድ መሆኑ ብቻ አንድን ግዴታ መልካም አያደርገውም፤ ደስታን የሚጎዳ ነገር ሁሉም ሥነ ምግባር አይደለም።

የፊታውራሪ መሸሻ «ይገባል» ደግሞ የዘር ክብር ነው። ለልጃቸው እጅ የሚጠይቀውን ሁሉ በአጥንትና በጉልት ይመዝናሉ፤ ሚዛኑ አይሞላምና ሰብለ በአባቷ ቤት ዕድሜዋን ትገፋለች። ከተለመደው በላይ የተጠየቅነውን ግብር አንከፍልም ባሉ ባላገሮች ላይ የሚዘምቱትም በዚሁ ክብር ስም ነው። ደራሲው እኚህን ባላባት ተራ ጨካኝ አድርገው ቢስሏቸው ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ፊታውራሪው ግን በልባቸው ግዴታቸውን የሚፈጽሙ ይመስላቸዋል፤ የአባቶቻቸውን ደንብ ይጠብቃሉ፤ ለዚህም ዋጋ ይከፈላል። ዋጋውን አስቀድማ የምትከፍለው ግን ሰብለ ናት። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንዲሉ፣ በሌላው ሥቃይ የሚጠበቅ ክብር ለጠባቂው አይከብድም።

ሦስተኛው ካሣ ዳምጤ ነው። ካሣ ከፊታውራሪው ቤት ጋር የሚዛመድ፣ ቅኔ አዋቂ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ነው። ዝም ቢል ኖሮ በግብሩ ከፍ ካለ ቦታ ተቀምጦ፣ በዕውቀቱ ተከብሮ፣ የሰው ምርቃት ጠግቦ ይኖር ነበር። የሚጠየቀው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ያየውን እንዳላየ ማለፍ ብቻ። እርሱ ግን ድኻው በልማድ ስም ሲበደል ልማዱ ራሱ በደል ነው ይላል፤ የሰው ልክ የዘር ሐረግ አይደለም ይላል። ስለዚህም ስሙ ይቀርና «ጉዱ» ይሆናል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ፕላቶ ስለ ፍትሕ በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ፣ ወንድሙ ግላውኮን ለሶቅራጥስ አንድ ፈተና ያቀርባል። ጻድቁን ሰው ከስሙ ለዩት፤ ጻድቅ ሆኖ ሳለ ዓመፀኛ ይባል፤ ዓመፀኛውም የጻድቅ ስም ይሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ጽድቅ ስለ ራሱ ይወደድ እንደ ሆነ እንይ የሚል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያንን ፈተና አስበውት ይሁን አይሁን፣ ጎጃም ውስጥ ሥጋና ደም አልብሰውታል። በዲማ ጤነኛው እብድ ይባላል፤ በዳዩም ጌታ ይባላል። ካሣ መልካም በመሥራቱ መልካም ስም እንኳ አያተርፍም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ካሣም ቢሆን የፈለገውን አደረገ እንጂ ምን አጣ? እውነት መናገር ደስ ስለሚለው ተናገረ፤ ሌላው በጠጅ እንደሚደሰት እርሱ በነቀፋ ተደሰተ የሚል ተቃውሞ ነው። ክርክሩ ብልህ ይመስላል፤ መጽሐፉ ግን ይረታዋል። ካሣ ብቸኝነትን የሚወድ ሰው አይደለም። ወዳጅ ይናፍቃል፤ በዛብህን ሲያገኝ የሚያሳየው ፍቅር ምን ያህል ወዳጅ ተርቦ እንደ ኖረ ይመሰክራል። የሚሰደበው ሰው ስድቡ አይሰማውም ማለት ግፍ ነው። ካሣ ዝምታን ያልመረጠው ንግግር ስለሚጣፍጠው ሳይሆን፣ ዝም ብሎ የሚያገኘው ደስታ የሌላ ሰው ድርሻ መሆኑን ስላወቀ ነው። በግብሩ ላይ የሚቀርብለት ቁራሽ ከማን ጎተራ እንደ መጣ ያውቃል። ያንን ካወቀ በኋላ ሳያውቅ እንደ በላው አድርጎ ሊበላ አይችልም።

ከዚህ ላይ የመጽሐፉ ፍሬ ነገር ይገለጣል። ሥነ ምግባር ከደስታ ጋር ጠላት አይደለም። ካሣ የራሱን ምቾት የሚሰጠው የሁለት ወጣቶች ደስታ በር እንዲከፈትለት ነው፤ ፍቅራቸውን የሚደግፈው መደሰት መብታቸው ነው ብሎ ነው። እንግዲህ ደስታን የሚንቅ መናኝ ሳይሆን፣ ደስታን ለሌላውም የሚሻ ሰው ነው። የሚተወው በሌላው ወጪ የሚገኘውን ብቻ ነው። በመሆኑም የአንድ መሥዋዕትነት መልካምነት የሚፈተነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ማን መረጠው? ማንንስ ይጠቅማል? በዛብህ ለተጫነበት ስለት የሁለቱም መልስ ባዶ ነው። በፊታውራሪው ክብር፣ መራጩ አባት፣ ከፋይዋ ልጅ ናት። ካሣ ግን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ለሌላው ይሰጣል።

ይህ ማለት ግን የካሣ ሥዕል እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ደራሲው አንዳንዴ ገጸ ባሕርዩን ወደ ጎን አድርገው በእርሱ አንደበት ረዥም ትምህርት ይሰጣሉ፤ በእነዚያ ገጾች ሰውዬው ይደበዝዝና ሐሳቡ ብቻ ይቀራል። ከዚህ የሚበልጠው ድክመት ሌላ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በአበጀ በለው መሪነት የሚነሡት ባላገሮች በጋራ እምቢ ይላሉ፤ ካሣም ለብቻው እምቢ ይላል። ሁለቱ እምቢታዎች ግን ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አንድ ጎዳና አይሆኑም። ዐዋቂው ከተበዳዩ ጋር ስላልተገናኘ ዕውቀቱ ምክር ሆኖ ይቀራል፤ የደገፈው ፍቅርም መጨረሻው መቃብር ይሆናል። ለካሣ እውነት ከካሣ ይልቅ ፍቅረኞቹ ከባዱን ዋጋ አልከፈሉምን ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አልተሳሳተም። ለካሣ መከራከሪያ የሚሆነው፣ ፍቅሩን የመረጡት ራሳቸው መሆናቸው ነው። ሰብለ ያን ሁሉ መንገድ የሄደችው በማንም ስለት ሳይሆን በገዛ ፈቃዷ ነው።

ደራሲው ይህንን የጻፉት ከመጻሕፍት ብቻ ተምረው አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ከዘመቱት ወጣት መምህራን አንዱ ነበሩ፤ ከተማረኩም በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው ለዓመታት ታስረዋል። ራሱ መርጦ የሚከፍልና በግድ የሚያስከፍሉት ሰው ልዩነት በሕይወታቸው የታወቀ ነበር።

ልዩነቱን መዘንጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከመጽሐፉ በኋላ የመጡት ዓመታት አሳይተዋል። በ1960ዎቹ የተነሣው ትውልድ ስለ ሌላው ድኅነት የራሱን ደስታ ለመስጠት የተዘጋጀ ነበር፤ ይህ ክብሩ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከየወገኑ በሌላው ልጅ ስም የሚሳሉ በዙ፤ የብዙ እናቶች ቤትም ባዶ ቀረ። የውድነሽ ስለት በፍቅር ተገብቶ እንኳ ልጇን ካሰረ፣ ያለ ፍቅር የተገባው ምን እንዳደረገ መናገር አያሻም።

ስለዚህ መጽሐፉን በክፍል የሚያስተምር መምህር፣ ካሣን ወደ መድረክ የሚያመጣ ተዋናይና አዘጋጅም ሊጠነቀቅ ይገባል። ካሣ ቀልደኛ ተደርጎ ከቀረበ ተመልካቹ ከዲማ ሰዎች ጋር አብሮ ይስቅበታል፤ ቅዱስ ተደርጎ ከቀረበም ተመልካቹ አድንቆት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከራሱ ምንም አይጠይቅም። ካሣ እንደ ማንኛችንም ወዳጅና ክብር የሚወድ፣ ሁለቱንም ማግኘት ይችል የነበረ ሰው ሆኖ መታየት አለበት። ያን ጊዜ ተመልካቹ በግብሩ አጠገብ የተተወውን ባዶ ቦታ ያያል፤ እርሱ ቢሆን ይቀመጥበት እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ራሱን ይጠይቃል።