የሌሊትን ብርድ ለቀን የሚያስቀምጥ ሕንፃ

ዚምባብዌ፣ ሐራሬ መሀል ከተማ ላይ የቆመ አንድ ሕንፃ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ስለ እሱ ካላወራሁ አይሆንልኝም! ኢስትጌት ይባላል። ጎን ለጎን የቆሙ፣ መሀላቸው በመስተዋት ጣሪያ የተከደነ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ፎቅ ያላቸው ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው። ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ። ይህ የትም አለ፤ የትም የሌለው ግን ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲከፈት ትልልቅ ሕንፃዎች ያለ እሱ አይሆንላቸውም የሚባለው ኤር ኮንዲሽነር አልተተከለበትም!

ታዲያ በምን ይቀዘቅዛል? በሌሊት ብርድ! ሐራሬ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ቀኗ ቢሞቅም ሌሊቷ ይበርዳል። ዚምባብዌያዊው አርክቴክት ሚክ ፒርስና አሩፕ የተባለው የምህንድስና ድርጅት መሐንዲሶች ያንን ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ብርድ ሀብት አደረጉት። ሲመሽ ትልልቅ ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር እየሳቡ ወደ ሕንፃው ሆድ ይሰዳሉ፤ ኮንክሪቱም ሲቀዘቅዝ ያድራል። ሲነጋ ትንንሾቹ ማራገቢያዎች ይተካሉ። አየሩ በቀዘቀዘው ኮንክሪት በኩል አልፎ ከመስኮቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ቢሮው ይገባል፤ ሰውና ኮምፒውተር ሲያሞቁት ሽቅብ ይወጣና ጣሪያው ላይ በተደረደሩት 48 ጭስ ማውጫዎች ውልቅ ይላል።

የወለሉን ሶሌታ ደግሞ እዩልኝ! ውስጡ ክፍት ነው፤ በክፍተቱ ውስጥ ጥርስ የመሰሉ የኮንክሪት ጉጦች ተደርድረዋል። አየሩ ሾልኮ እንዳያልፍ፣ ይልቁንም እየተጋጨና እየተገላበጠ ኮንክሪቱን በደንብ እንዲነካ ነው። ይህችን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ! በውጭ በኩል መስኮቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ወጣ ወጣ ያሉት የኮንክሪት ከለላዎች ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትጠብሰው ይጋርዳሉ።

የሐሳቡ ምንጭ ምን መሰላችሁ? ኩይሳ! ገጠር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው፣ ምስጥ አፈር እየለወሰች የምትቆልለው ኩይሳ! ውስጡን በአየር ያቀዘቅዛል ተብሎ ይታመን ነበር። እርግጥ ስኮት ተርነርና ሩፐርት ሶር የተባሉ ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኑት፣ የኩይሳ ዋና ሥራ ማቀዝቀዝ ሳይሆን ልክ እንደ ሳንባ አየር መለዋወጥ መሆኑን አሳይተዋል። እኔን ግን ይህ የበለጠ አስደነቀኝ፤ ከኩይሳ ገና ያልቀዳነው ብዙ ጥበብ አለ ማለት ነዋ!

ትርፉም በቃል ብቻ አይደለም። የማቀዝቀዣ መሣሪያ ባለመገዛቱ ብቻ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር መትረፉ ይነገራል። አየሩን የሚገፉት ማራገቢያዎች መብራት ይፈልጋሉ፤ ብርዱን የሚያመጣው ግን ሰማዩ ነው፣ ያውም በነፃ!

አሁን ወደ አዲስ አበባ ዞር በሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን፣ ሌሊቱ በጋቢ የሚያስጠቀልል ሆኖ ሳለ፣ ፎቆቻችንን ከእግር እስከ ራስ በመስተዋት እየሸፈንን ቀን ቀን በሙቀት እንታፈናለን! አርክቴክቶቻችን፣ ባለሀብቶቻችን፣ እባካችሁ ቀጣዩን ሕንፃ ከመጀመራችሁ በፊት የኢስትጌትን ንድፍ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ብርዱ እንደሆነ ሞልቶናል፤ የቀረን ማስቀመጫውን መሥራት ነው!